አራት የቡና ዝርያዎች በአንድ ሣጥን፦ ከጥሬ ፍሬው እስከ ስኒው

የታሸገ ቡና የሚገዛ ሰው ማሸጊያው ላይ ብዙ ነገር ያነባል። ቡናው የበቀለበት አገር፣ የእርሻው ከፍታ፣ ታጥቦ ወይም በደረቁ መዘጋጀቱ፣ የተቆላበት ቀን፣ አንዳንዴም ቀማሹ አገኘሁት ያለው የአበባና የፍራፍሬ ቃና ሳይቀር ተዘርዝሮ ይቀርብለታል። ከእነዚህ ሁሉ ቀድሞ መነገር ያለበት የዝርያው ስም ግን ብዙ ጊዜ ጨርሶ አይጠቀስም፤ ቢጠቀስም በደቃቅ ፊደል ከጀርባ ይጻፋል። እዚህ የምገመግመው የቅምሻ ሣጥን ከዚህ ልማድ የወጣ ምርት ነው። አረቢካ፣ ሮቡስታ፣ ሊቤሪካና ኤክሴልሳ የሚባሉትን አራት የቡና ዝርያዎች በየራሳቸው ከረጢት፣ ግማሹን ጥሬውን፣ ግማሹን ተቆልቶ ያልተፈጨውን አድርጎ ይዟል፤ የዝርያው ስምም በእያንዳንዱ ከረጢት ፊት በትልቁ ተጽፏል።

ፍርዴን ከወዲሁ ልግለጽ። ሣጥኑ ጉድለቶች አሉበት፤ ከእነርሱም አንዱ ከባድ ነው። ሆኖም ቡናን በቁም ነገር ለሚጠጣ ሰው ጠቃሚ ግዢ ነው፤ ምክንያቱም ዝርያዎቹን ጎን ለጎን አድርጎ በመቅመስ ብቻ የሚገኝ እውቀት ይሰጣል። ከዚህ እውቀት ውስጥ ዋነኛው፣ የዝርያ ልዩነት እውነተኛና ጥልቅ ቢሆንም ዝርያዎቹን ከላይ ወደ ታች የሚደረድር የማዕረግ መሰላል አለመሆኑ ነው። እያንዳንዱ ዝርያ የራሱ መልካም ገጽታና የራሱ የመበላሸት መንገድ አለው፤ አንዱን በሌላው መለኪያ መዳኘት ፍርዱን ያዛባል።

ኮፊያ በተባለው የዕፅዋት ወገን ውስጥ የሳይንስ ስም የተሰጣቸው ዝርያዎች ከ120 ይበልጣሉ። ለንግድ በብዛት የሚመረቱት ግን ሁለት ብቻ ናቸው። አረቢካ ከዓለም ምርት ከግማሽ በላይ የሆነውን ይይዛል፣ ሮቡስታ የቀረውን ከሞላ ጎደል ይሸፍናል፣ ሊቤሪካና ኤክሴልሳ ተደምረው የሚኖራቸው ድርሻ እጅግ ትንሽ ነው። ቲፒካ፣ ቡርቦን ወይም ጌሻ የሚባሉት በአረቢካ ውስጥ የሚገኙ ዓይነቶች እንጂ ራሳቸውን የቻሉ ዝርያዎች አለመሆናቸውን እዚህ ላይ ማስታወስ ያስፈልጋል። በጌሻና በቡርቦን መካከል ያለው ርቀት በአንድ ቤተሰብ ውስጥ የሚታይ ልዩነት ሲሆን፣ በአረቢካና በሊቤሪካ መካከል ያለው ግን ከዚያ እጅግ የሰፋ ነው።

የቀመስኩበት ዘዴ የቡና ቀማሾች በተለምዶ የሚከተሉት ነው። ለ150 ሚሊ ሊትር ውኃ 8.25 ግራም ቡና ይመዘናል፣ በመጠኑ ሸካራ ተደርጎ ይፈጫል፣ በ93 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ የሞቀ ውኃ ይፈስበታል፣ ከ4 ደቂቃ በኋላ ከላይ የተንሳፈፈው ሽፋን በማንኪያ ይሰበራል፣ መዓዛውም በዚያው ቅጽበት ይሸተታል። ከዚያ ቡናው ትኩስ ሳለ፣ ለብ ሲልና ሲቀዘቅዝ ደጋግሞ ይቀመሳል። ይህ የመጨረሻው ክፍል በተለይ አስፈላጊ ነው፤ ዝርያዎቹ ልዩነታቸውን በግልጽ የሚያሳዩት ሲቀዘቅዙ ነውና።

ከቅምሻው በፊት ግን ጥሬ ፍሬዎቹን ነጭ ወረቀት ላይ አፍስሶ መመልከት ይገባል። የአረቢካው ፍሬ ሞላላ ነው፤ በጠፍጣፋ ጎኑ መካከል የሚያልፈው ስንጥቅም ቀጥ ብሎ አይወርድም፣ መሃል ላይ ታጥፎ ይጠማዘዛል። የሮቡስታው ፍሬ ክብ ወደ መሆን ያዘነብላል፣ አነስ ይላል፣ ስንጥቁም ቀጥ ያለ ነው። እነዚህን ሁለት ምልክቶች ያወቀ ሰው ያልተፈጨ ቅይጥ ቡና ሲገዛ፣ ጥቂት ፍሬዎችን መዳፉ ላይ አድርጎ በማየት ብቻ ሮቡስታ መኖር አለመኖሩን አብዛኛውን ጊዜ መለየት ይችላል። ሊቤሪካው ደግሞ ከሁሉም ጎልቶ ይታያል። ፍሬው ትልቅ ነው፣ አንዱ ጫፉ ሰፊ ሆኖ ሌላው እየጠበበ ይሄዳል፣ ሁለቱ ወገኖቹ እኩል አይደሉም፣ ስንጥቁም ወደ ጠባቡ ጫፍ ሲደርስ እንደ መንጠቆ ይታጠፋል። የኤክሴልሳው ፍሬ ከሊቤሪካው በግልጽ ያነሰና ይበልጥ የተስተካከለ ነው፤ ከአረቢካው ጋር ቢቀላቀል ለመለየት ጥንቃቄ ይጠይቃል።

አረቢካ ከአራቱ መካከል በአፈጣጠሩ ልዩ ነው። ሌሎቹ 22 ክሮሞዞሞች ሲኖሯቸው እርሱ 44 አለው። ይህም የሆነው ከሁለት የተለያዩ ዝርያዎች፣ ማለትም ሮቡስታን ከሚያጠቃልለው ካኔፎራና ዩጂኒዮይድስ ከሚባለው ሌላ የአፍሪካ የዱር ቡና፣ በተፈጥሮ ተዳቅሎ በመገኘቱ ነው። ስለዚህ ሮቡስታ ለአረቢካ ተፎካካሪ ብቻ ሳይሆን ወላጅም ነው ማለት ይቻላል። የአረቢካ የተፈጥሮ መኖሪያ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደጋማ ደኖችና በአጎራባቿ ደቡብ ሱዳን የሚገኘው የቦማ አምባ ነው። የራሱን አበባ በራሱ ብናኝ ማዳቀል ስለሚችል አንዲት ዛፍ ብቻዋን ተወስዳ ዘር ልትሰጥ ትችላለች፤ ወደ ዓለም የተሰራጨበት ታሪክም ይህንኑ ያሳያል። ከጃቫ እ.ኤ.አ. በ1706 ወደ አምስተርዳም የዕፅዋት ስፍራ የተወሰደው ተክልና ከዚያ የተገኘው፣ በ1714 ለፈረንሳዩ ንጉሥ ሉዊ 14ኛ የተበረከተው ችግኝ በአሜሪካ አህጉር ለተተከሉት እጅግ ብዙ የቡና ዛፎች መነሻ ሆነዋል። ከጥቂት እናት ዛፎች የተገኘ ተክል የሚያጠቃውን በሽታ ለመቋቋም የሚያስችል የዘር ልዩነት ያንሰዋል፤ የዚህም መዘዝ ከዘመናት በኋላ ታይቷል።

በሣጥኑ ውስጥ ያለው አረቢካ የታጠበ ነው። መዓዛው ገና ሲፈጭ የአበባና የሎሚ ልጣጭ ሽታ ይሰጣል፤ ስኒው ውስጥ ደግሞ ምላስን ከጎንና ከጎን የሚቆነጥጥ ንጹህ አሲዳማነት አለው። ውፍረቱ ቀላል ነው። ሲቀዘቅዝ አሲዳማነቱ እየለዘበ ጣፋጭነቱ ወደ ፊት ይመጣል፣ ከተዋጠ በኋላ የሚቀረውም ቃና ምሬት የለበትም። የዚህ ምክንያት በጥሬው ፍሬ ውስጥ ይገኛል። አረቢካ ከክብደቱ ከ6 እስከ 9 በመቶ የሚሆነው ስኳር ሲሆን፣ ሮቡስታ ከ3 እስከ 7 በመቶ ብቻ ይይዛል። ቅባቱም በአረቢካ ከ15 እስከ 17 በመቶ ሲደርስ በሮቡስታ ብዙውን ጊዜ ከ7 እስከ 10 በመቶ ነው። ስኳሩ በአቆላል ጊዜ ተለውጦ ለጣፋጭ መዓዛዎችና ለአሲዶች መነሻ ይሆናል፤ ቅባቱ ደግሞ መዓዛውን ይዞ ያቆያል። ለሣጥኑ የተመረጠው አረቢካ ንጹህ ቢሆንም ድፍረት የጎደለው መሆኑን መግለጽ አለብኝ። ዝርያው ሊሰጥ ከሚችለው ስፋት አንጻር ይህ መካከለኛ ናሙና ነው፤ ሻጩ ማንንም የማያስቀይም ቡና ለመምረጥ ያሰበ ይመስላል።

ሮቡስታ ላይ ስንደርስ ሣጥኑ ዋጋውን ያስመሰክራል። ዝርያው እ.ኤ.አ. በ1897 ካኔፎራ የሚለውን የሳይንስ ስም አገኘ፤ በዱር የሚገኘውም ከምዕራብ አፍሪካ እስከ ኡጋንዳ በተዘረጋው ሰፊ የቆላ ደን ውስጥ ነው። እንደ አረቢካ ራሱን በራሱ ማዳቀል አይችልም፤ ከሌላ ዛፍ ብናኝ ማግኘት የግድ ይለዋል፣ ስለዚህም በውስጡ ያለው የዘር ልዩነት ሰፊ ነው። ወደ ንግዱ ዓለም ያስገባው በሽታ ነው። የቡና ቅጠል ዝገት እ.ኤ.አ. በ1869 በሴሎን፣ በዛሬዋ ስሪላንካ፣ ታይቶ የደሴቲቱን የቡና እርሻ ካወደመ በኋላ ወደ ሌሎች የእስያ አገሮች ተዛመተ፤ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ጃቫ ውስጥ በሽታውን የሚቋቋመው ሮቡስታ በአረቢካ ቦታ መተከል ጀመረ። ዛሬ ሮቡስታን በማምረት የዓለም ቀዳሚዋ ቬትናም ናት፤ ብራዚል ደግሞ በአረቢካ ምርት አንደኛ ሆና ሳለ ኮኒሎን የሚባለውን የካኔፎራ ዓይነት በተለይ በኤስፒሪቶ ሳንቶ ግዛት በብዛት ታመርታለች።

የሮቡስታ መጥፎ ስም ከየት እንደመጣ ማስተዋል ያስፈልጋል። ሰዎች ሮቡስታን ሲነቅፉ የተቃጠለ ጎማ፣ እርጥብ እንጨት፣ ደረቅ ምሬት ይላሉ፤ ርካሽ ሮቡስታ የቀመሰ ሰው ይህን ነቀፋ ሊያስተባብል አይችልም። ነገር ግን ይህ ቡና እንዴት ወደ ስኒው እንደደረሰ እንመልከት። በርካሽ ስለሚሸጥ ቀይ የሆነው ፍሬ ተመርጦ አይለቀምም፤ ቅርንጫፉ በእጅ ተገሽልጦ አረንጓዴው፣ ቀዩና የደረቀው አንድ ላይ ይወርዳል። ከዚያ መሬት ላይ በወፍራሙ ተሰጥቶ ሳይገላበጥ ይሰነብታል፣ ከስሩ ይሻግታል፣ በመጨረሻም በጣም ጠቁሮ ይቆላል። አረቢካም በዚህ መንገድ ቢዘጋጅ ለመጠጣት የሚያስቸግር ይሆናል። ስለዚህ በሮቡስታ ላይ ከተቆለለው ነቀፋ አብዛኛው የአያያዝ እንጂ የዝርያው አይደለም ብዬ አምናለሁ።

በሣጥኑ ውስጥ የተካተተው ሮቡስታ ቀይ ፍሬው ተለቅሞ የታጠበ ነው፤ የቀመሰው ሰው ስለ ዝርያው ያለውን አስተያየት እንደገና ለማየት ይገደዳል። ሽፋኑ ሲሰበር የሚወጣው መዓዛ የጥቁር ቸኮሌትና የተቆላ ለውዝ ነው። አፍ ውስጥ ወፍራምና ከባድ ነው፣ አሲዳማነቱ እምብዛም አይሰማም፣ ምሬቱ ግልጽ ሆኖ ሳለ ንጹህ ነው፤ ጉሮሮን የሚያንቀው የጎማ ቃና ፈጽሞ የለበትም። ለብ ሲል የተቆላ እህል ጣዕም ይታያል። ሲቀዘቅዝ ግን ከአረቢካው በተቃራኒ መንገድ ይሄዳል፤ ጣፋጭነቱ ወደ ኋላ አፈግፍጎ ምሬቱ ይጎላል። ይህኛው በእርግጥ የዝርያው ባሕርይ ነው፣ በአያያዝ ሊቀነስ እንጂ ሊጠፋ አይችልም። ሮቡስታ ካፌይንና ክሎሮጀኒክ አሲድ የሚባለውን ውሕድ ከአረቢካ አብልጦ ይይዛል፤ ካፌይኑ ተክሉን ከተባይ ይጠብቃል፣ ሁለቱም ግን በስኒው ውስጥ ለምሬቱና አፍ ለሚያደርቀው ስሜት አስተዋጽኦ ያደርጋሉ።

ባለሙያዎቹም ይህንን ተገንዝበው ለሮቡስታ የተለየ መለኪያ አዘጋጅተዋል። የቡና ጥራት ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ2010 ከኡጋንዳ የቡና ልማት ባለሥልጣን ጋር በመሆን ላቅ ያለ ጥራት ላለው ሮቡስታ የቅምሻ ደረጃ አወጣ። በዚህ ቅጽ ላይ ቀማሹ የአሲዳማነትን ብርታት ብቻውን አይመዝንም፤ በአሲዳማነትና በጨዋማነት፣ እንዲሁም በጣፋጭነትና በምሬት መካከል ያለውን ሚዛን ይመዝናል። ምሬት ያለው ቡና በመምረሩ ብቻ አይቀጣም፣ ጣፋጭነቱ ምሬቱን ሊሸከም ካልቻለ ግን ነጥብ ያጣል። ይህ አካሄድ ፍትሐዊ ነው። ከሣጥኑ ጋር የመጣው መምሪያ ግን አራቱንም ዝርያዎች በአንድ የነጥብ ሠንጠረዥ እንድንመዝን ይጠይቃል፤ በዚህ ሠንጠረዥ አረቢካ ገና ሳይቀመስ አሸናፊ ነው። ከባድ ያልኩት ጉድለት ይህ ነው። ዝርያዎቹን በእኩል ለማሳወቅ የተዘጋጀ ምርት በዳኝነቱ ወደ አንዱ ማዘንበል አልነበረበትም።

በኤስፕሬሶ መሣሪያ ላይ የሮቡስታው ጥንካሬ ይበልጥ ይታያል። ከላይ የሚፈጠረው ክሬማ ወፍራምና ረጅም ጊዜ የሚቆይ ነው፤ ፍሬው ያለው ቅባት አነስተኛ በመሆኑ አረፋው በቀላሉ አይፈርስም። ወተት ሲጨመርበትም ጣዕሙ አይሰጥምም፣ የሣጥኑ አረቢካ ግን በወተት ውስጥ ይጠፋል። ሮቡስታ ለኤስፕሬሶ ቅይጥ የሚፈለገው፣ በሙቅ ውኃ ለሚሟሟው ፈጣን ቡናም ዋነኛ ጥሬ ዕቃ የሆነው በዋጋው ምክንያት ብቻ አይደለም።

ካፌይኑን በተመለከተ ቁጥሩን በግልጽ ማስቀመጥ ይሻላል። አረቢካ በአማካይ 1.2 በመቶ፣ ሮቡስታ 2.2 በመቶ ገደማ ካፌይን ይይዛል። ለአንድ መጠጥ 15 ግራም ቡና ብንጠቀም፣ በአረቢካው ውስጥ 180 ሚሊ ግራም፣ በሮቡስታው ውስጥ 330 ሚሊ ግራም ያህል ካፌይን አለ ማለት ነው፤ ሁሉም ወደ ስኒው አይወርድም፣ ልዩነቱ ግን ይዘልቃል። የአውሮፓ የምግብ ደህንነት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ግምገማ ለጤናማ አዋቂ በቀን እስከ 400 ሚሊ ግራም፣ ለነፍሰ ጡር ደግሞ እስከ 200 ሚሊ ግራም ስጋት እንደማያስከትል ገልጿል። ዝርያውን ያልጻፈ ማሸጊያ ይህን ስሌት ለገዢው የማይቻል ያደርገዋል፤ ስለ እንቅልፉ ወይም ስለ ልብ ምቱ የሚጠነቀቅ ሰው ደግሞ ይህን የማወቅ መብት አለው።

ከዚህ ቀደም ከአንድ ሌላ ሻጭ የገዛሁት የተፈጨ ቡና በማሸጊያው ላይ «100 በመቶ ንጹህ ቡና» የሚል ጽሑፍ ነበረው፤ በጣዕሙ አብዛኛው ሮቡስታ እንደነበር አያጠራጥርም። ጽሑፉ ውሸት አይደለም፣ ሮቡስታም ቡና ነውና። ገዢው ግን 100 በመቶ አረቢካ ማለት እንደሆነ እንዲያስብ ሆን ተብሎ የተዘጋጀ ነው። ቡናው ከተፈጨ በኋላ ዝርያን በዓይን መለየት አይቻልም፤ ቤተ ሙከራዎች ግን 16-ኦ-ሜቲልካፌስቶል የሚባለውን፣ በሮቡስታ ውስጥ በብዛት በአረቢካ ውስጥ ግን እጅግ በጥቂቱ የሚገኘውን ውሕድ በመለካት ማጭበርበሩን ይደርሱበታል። ተራው ገዢ የሚኖረው አማራጭ ሳይፈጭ መግዛትና ስንጥቁን መመልከት ነው።

ወደ ሊቤሪካ እንለፍ። ዝርያው በምዕራብ አፍሪካ ቆላማ ቦታዎች የሚበቅል ሲሆን እ.ኤ.አ. በ1876 የሳይንስ ስሙን አገኘ። ዛፉ ካልተገረዘ እጅግ ከፍ ይላል፣ ቅጠሉ ሰፊ ነው፣ ፍሬውም ትልቅና ልጣጩ ወፍራም ነው፤ በዚህም ምክንያት ብዙ ፍሬ ተለቅሞ የሚገኘው ጥሬ ቡና ጥቂት ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የቅጠል ዝገቱ አረቢካን ሲያጠፋ በእስያ ብዙ ተስፋ ተጥሎበት ተተከለ፤ በኋላ ግን በሽታው እርሱንም ስላጠቃው ቦታውን ለሮቡስታ ለቀቀ። ዛሬ በተለይ በፊሊፒንስ፣ በማሌዥያና በኢንዶኔዥያ ይገኛል፤ በፊሊፒንስ ባታንጋስ ግዛት ባራኮ በሚል ስም ይታወቃል።

የሊቤሪካው መዓዛ ከአራቱም ይበልጣል። ሲፈጭ ክፍሉን የሚሞላ የበሰለ ጃክፍሩት ሽታ አለው፣ ከስሩም ጭስና እንጨት የሚያስታውስ ነገር ይከተላል። ይሁን እንጂ መዓዛው የሰጠውን ተስፋ ስኒው ሙሉ በሙሉ አይፈጽመውም። ውፍረቱ ደስ ይላል፣ አሲዳማነቱ ዝቅተኛ ነው፣ ነገር ግን በመጨረሻው ላይ ከመጠን በላይ የመፍላት ሽታ ተሰምቶኛል። ልጣጩና ሙጫው ብዙ ስኳር ስላለው ሊቤሪካ በሚደርቅበት ጊዜ በቀላሉ ከቁጥጥር ውጭ ይፈላል፤ ይህ ናሙና ከዚህ ችግር አላመለጠም። አቆላሉም አልረዳውም። ትልቅና ሁለት ወገኑ እኩል ያልሆነ ፍሬ ሙቀቱ ወደ መሃሉ እስኪደርስ ጊዜ ይፈልጋል፤ ሻጩ ግን አራቱንም ዝርያዎች በአንድ የሙቀት መርሐ ግብር ቆልቷቸዋል። አንዱን ፍሬ በቢላ ሁለት ቦታ ብከፍለው ውጩ ቡናማ ሆኖ ውስጡ ፈዘዝ ያለ ነበር። ጥሬውን በዝግታ ራሴ ቆልቼ ስቀምሰው የእንጨት ቃናው ቀንሶ ፍራፍሬው ይበልጥ ጠራ፤ ስለዚህ ገዢው የሊቤሪካውን ፍርድ ከተቆላው ከረጢት ብቻ እንዳይሰጥ እመክራለሁ።

ኤክሴልሳ በበኩሉ የአመዳደብ ታሪኩ የተወሳሰበ ነው። ለረጅም ጊዜ ራሱን የቻለ ዝርያ ሆኖ ሲታይ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2006 ከሊቤሪካ ሥር እንደ አንድ ዓይነት ተመደበ። በ2025 የወጣ የዘረመል ጥናት ግን ሊቤሪካ ተብሎ የተጠራው በእርግጥ ሦስት የተለያዩ ዝርያዎችን የያዘ መሆኑን አሳይቶ ኤክሴልሳን ዴዌቭሬይ በሚል ስም ለይቶታል። የሣጥኑ መምሪያ አሁንም «የሊቤሪካ ዓይነት» ስለሚለው መታረም ይገባዋል። ሁለቱን ተራ በተራ የቀመሰ ሰው ጥናቱ ያለውን በምላሱ ይረዳዋል፤ አንድ ዝርያ ናቸው ብሎ መገመት ያስቸግራል።

ከሣጥኑ ውስጥ ያልጠበቅኩት መልካም ነገር የኤክሴልሳው ከረጢት ነው። አሲዳማነት አለው፤ የአረቢካው ዓይነት የሎሚ ንጥረት ሳይሆን የቀይ ፍራፍሬ ኮምጣጣነት ነው። ውፍረቱ መካከለኛ ነው፣ ከስሩ የጠቆረ ስኳር ጣፋጭነት አለ፣ ሲቀዘቅዝም ምሬት አያወጣም። በወረቀት ማጥለያ ሲዘጋጅ ሁለቱም ገጽታዎቹ በአንድ ጊዜ ይሰማሉ። ተክሉ ሙቀትን መቋቋሙና ከሊቤሪካ አነስ ያለ ፍሬ ማፍራቱ ለወደፊቱ ተፈላጊ እንደሚያደርገው የሚያስቡ ተመራማሪዎች አሉ፤ በኡጋንዳና በደቡብ ሱዳንም እርሻው እየታየ ነው። ካለው አራት ከረጢት አንዱን ብቻ ድጋሚ ግዛ ብባል የምመርጠው ይህን ነው።

በሣጥኑ ውስጥ ያልተካተቱ፣ ሆኖም ስለ ዝርያዎች በሚነገርበት ቦታ መታለፍ የሌለባቸው ሁለት ቡናዎች አሉ። ዩጂኒዮይድስ፣ የአረቢካው ሌላኛው ወላጅ፣ ካፌይኑ ከአረቢካ በብዙ ያነሰ፣ ጣፋጭነቱ እጅግ የጎላ ቡና ነው፤ ኮሎምቢያዊው ዲዬጎ ካምፖስ እ.ኤ.አ. በ2021 ሚላኖ በተካሄደው የዓለም የባሪስታ ውድድር ሲያሸንፍ የተጠቀመው ይህንን ዝርያ ነበር። ምርቱ እጅግ አነስተኛ በመሆኑ በእንዲህ ዓይነት ሣጥን ውስጥ አለመገኘቱ አያስወቅስም። ስቴኖፊላ ደግሞ በምዕራብ አፍሪካ ከእርሻ ጠፍቶ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2018 በሴራሊዮን ጫካ ውስጥ በድጋሚ ተገኝቷል። በ2021 የታተመው ጥናት እንዳመለከተው አማካይ ዓመታዊ ሙቀቱ 24.9 ዲግሪ ሴልሺየስ በሆነ ቦታ ይበቅላል፣ ይህም አረቢካ ከሚስማማው ቢያንስ በ6 ዲግሪ ይበልጣል፤ በጣዕሙ ግን ባለሙያ ቀማሾች ከጥሩ አረቢካ ጋር አመሳስለውታል። በ2019 የወጣ ሌላ ጥናት 124 የዱር ቡና ዝርያዎችን መርምሮ 60 በመቶ የሚሆኑት የመጥፋት ስጋት እንዳንዣበበባቸው መግለጹ ሲታሰብ፣ እንዲህ ያለው ግኝት ምን ያህል ከእጅ ሊያመልጥ ተቃርቦ እንደነበር ግልጽ ነው።

በዝርያዎች መካከል ያለው ድንበር ሁልጊዜ የተዘጋ አለመሆኑንም መጥቀስ ተገቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ1927 በቲሞር ደሴት አረቢካና ሮቡስታ በተፈጥሮ ተዳቅለው የተገኘ ዛፍ ታወቀ። ዛፉ የቅጠል ዝገትን ስለሚቋቋም ካቱራ ከሚባለው የአረቢካ ዓይነት ጋር ተዳቅሎ ካቲሞር የሚባሉት ዓይነቶች ተገኙ። ዛሬ «100 በመቶ አረቢካ» ተብለው በሚሸጡ ብዙ ቡናዎች ውስጥ የሮቡስታ የዘር ድርሻ አለ፤ ይህም ነውር አይደለም፣ ገበሬውን ከኪሳራ ያዳነ ሥራ ነው።

ስለ ሣጥኑ የሚቀረኝ አስተያየት አዘገጃጀትን የሚመለከት ነው። መምሪያው ለአራቱም አንድ የውኃ ሙቀት ይሰጣል። ለአረቢካውና ለኤክሴልሳው 93 ዲግሪ ተስማሚ ሲሆን፣ ሮቡስታው በ88 ዲግሪ ገደማና ትንሽ ሸከር ብሎ ሲፈጭ ምሬቱ ይመጠናል። በሮቡስታው ከረጢት ላይ ቡናው የተለቀመበት ዓመት አለመጻፉም ሌላ እንከን ነው፤ በሌሎቹ ሦስቱ ላይ ተጽፏል። ሣጥኑን የሚገዛ ሰው አራቱን በአንድ ጊዜ ለመቅመስ ካሰበ በአረቢካው ይጀምር፣ ወደ ኤክሴልሳው ይለፍ፣ ሊቤሪካውን ያስከትል፣ ሮቡስታውንም ለመጨረሻ ያቆየው፤ ምሬቱና ውፍረቱ ምላስ ላይ ስለሚቆይ ከእርሱ በኋላ የሚቀመስ ቡና ሁሉ ውኃ ውኃ ይላል። በየመካከሉም ለብ ያለ ንጹህ ውኃ መጠጣትና እያንዳንዱን ስኒ እስኪቀዘቅዝ መጠበቅ ያስፈልጋል።